ጣሪያው የሚነሳ ተጎታች ካምፐር፦ መጋረጃውንና ውስጡን እንዴት ላድሰው?

መምህርት ከሱሉልታ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና ባለቤቴ ጣሪያው በማኖቤላ (በእጅ በሚዞር ብረት) የሚነሳ፣ ሁለቱ አልጋዎቹ በፊትና በኋላ እየተሳቡ የሚወጡ፣ ጎኑ ሸራ የሆነ ተጎታች ካምፐር (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ገዝተናል። የሸጡልን የሥራ ጊዜያቸው አልቆ ወደ አገራቸው የተመለሱ ቤተሰቦች ናቸው። ሻንሲው፣ ጎማውና ጋንቾው በመካኒክ ታይቶ ደኅና ነው ተብሏል። ውስጡ ግን ዓመታት አልፈውበታል።

መጋረጃዎቹን ለማጠብ ሳወርድ በፀሐይ በኩል የነበረው እጥፋት በጣቶቼ መካከል ተቀደደ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ ሳየው እጥፋቱ ባለፈበት መስመር ሁሉ ማጉ ተበልቶ ድሩ ብቻ ቀርቷል፤ ጥላ ውስጥ የነበረው ክፍል ግን ቀለሙን እንኳ አልለቀቀም። በሐዲዱ ውስጥ የሚንሸራተቱት የፕላስቲክ ማንጠልጠያዎችም ደርቀው ገና ሲነኩ ይሰበራሉ። የመቀመጫው ስፖንጅ ሟሙቷል፣ የኮምፔንሳቶው ቁም ሣጥን ጠርዙ ተላልጧል።

አሳባችን ከጥምቀት በኋላ ልጆቹን ይዘን ላንጋኖ መውረድ ነው። ከእናቴ የወረስኳት ሲንጀር አለችኝ፤ ቀጥ ያለ ስፌት አሳምራ ትሰፋለች። ሥራውን በእጄ ብሠራው ደስ ይለኛል። ምን ዓይነት ጨርቅ ልግዛ? እንዴትስ ልለካው? የእንጨቱን ሥራ የሚያውቅ ካለም ምክሩን አይንፈገኝ።

መርፌና ክር (ቡራዩ)

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። መጋረጃ መስፋት የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ጥያቄሽን ሳነብ እጄን በላኝ።

ጨርቅ ተራ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ልብ በዪ። የቤት መጋረጃ አንዴ ከተሰቀለ እዚያው ይኖራል። የዚህ ካምፐር መጋረጃ ግን ጣሪያው በወረደ ቁጥር ከሸራው ጋር ይታጠፋል፣ በጣሪያውና በሣጥኑ መካከል ይጨመቃል፣ መንገዱን ሙሉ ይፋተጋል፣ ስትደርሱ ደግሞ ወዲያው ተዘርግቶ ሥራውን እንዲሠራ ይጠበቅበታል። ለሳሎን የሚያምረው ወፍራም፣ ገበር ያለው፣ ሽንሽኑ የበዛ መጋረጃ እዚህ ጠላት ነው። ጣሪያው እንኳ አልዘጋ ሊልሽ ይችላል። የምትፈልጊው ቀጭን፣ ሽመናው ጥብቅ የሆነና ተጨማዶ ቶሎ የሚመለስ ጨርቅ ነው። እኔ ብሆን ፖሊስተር፣ ወይም ፖሊስተሩ የሚያመዝን ከጥጥ የተቀላቀለ ጨርቅ እመርጣለሁ።

ሌላው ምክንያቴ ፀሐይ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል እንጂ የእኛ ፀሐይ ጨርቅ ትበላለች፤ ያንቺም አሮጌ መጋረጃ ምስክር ነው። ፖሊስተር ከጥጥ ይልቅ ይህን ጨረር ይቋቋማል። ክሩንም አትርሺ። ጨርቁ ሳይነካ ስፌቱ የሚበተንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ክሩ ጥጥ ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል። የፖሊስተር ክር ግዢ።

አለካኩን በተመለከተ፣ የመስኮቱን ሳይሆን የሐዲዱን ርዝመት ለኪ። ለቤት መጋረጃ ስፋቱን እጥፍ አደርጋለሁ፤ ለካምፐር ግን አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃል። ሐዲዱ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 180 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ያስፈልግሻል። በመሐል የሚከፈት ካደረግሽው ለእያንዳንዱ ወገን 90፣ ለግራና ቀኝ ቅምቅማት ሦስት ሦስት ጨምረሽ 96 ትቆርጫለሽ። ቁመቱን ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ተነስቶ፣ ሸራው ተወጥሮ ሳለ ብቻ ለኪ። ሸራው ሳይወጠር የተለካ መጋረጃ ሁልጊዜ ያጥራል።

ሸማ ወዳድ (ሽሮ ሜዳ)

መርፌና ክር፣ ሙያሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልቤ አልተቀበለውም። ከደጃችን የሸማኔ ሠፈር እያለ በፋብሪካ ፖሊስተር የተከበበ ቤት ውስጥ መተኛት ምን ደስ ይላል? መነን ወይም ሳሳ ያለ ሸማ፣ ግርጌው ላይ ቀጭን ጥለት ጣል ተደርጎበት፣ የማለዳ ብርሃን ሲያልፍበት የሚሰጠውን ውበት ሌላ ጨርቅ አይሰጥም። ልጆቹስ የት አገር እንዳሉ በዓይናቸው ሊያዩ አይገባም? መምህርት፣ ካሰብሽበት የምትወጂውን ቀለም ነግረሽው በልክሽ የሚሸምን ባለሙያ አላጣም።

መርፌና ክር (ቡራዩ)

እህቴ ሸማ ወዳድ፣ ስለ ውበቱ አንድ ቃል አልከራከርሽም። እኔም ለብሼው ነው ያደግኩት። የምፈራው ሥራውን ነው። የእጅ ፈትል ጥጥ እርጥበት ይጠጣል፤ የካምፐር ሸራ ደግሞ በብርድ ሌሊት ከውስጥ ላብ ያወጣል። እርጥብ ሸራ የነካ ሸማ ጠዋት ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ጣሪያ ሥር ከተዘጋበት በሁለት በሦስት ቀን ሻጋታ ይይዘዋል። ጥለቱም በፀሐይ ይደበዝዛል።

ነገር ግን ካምፐሩ ውስጥ ሌላ መጋረጃ አለ፤ አልጋውን ከመካከለኛው ክፍል የሚለየው። እሱ ሸራም አይነካውም፣ ፀሐይም በቀጥታ አይመታውም፣ ሁልጊዜ በዓይን ፊት ነው። ሸማው እዚያ ይዋል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። ሸማ ስፋቱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ጎን ለጎን መጋጠም ይኖርበታል፤ ጥለቱ መገጣጠሚያው ላይ እንዳይዛነፍ አስቀድመሽ ወስውሺው። ደግሞም ሳትቆርጪ በፊት አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ንከሪውና ጥላ ላይ አድርቂው። ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት እጅ ሊሰበሰብ ይችላል፤ በ2 ሜትር ቁመት ላይ ይህ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሸማ ወዳድ (ሽሮ ሜዳ)

ይሁን፣ በዚህ ተስማምቻለሁ። የአልጋው መለያ ከሆነ እንዲያውም ይበልጥ ይታያል።

አናጢው (ሰበታ)

ልጄ መምህርት፣ የእንጨቱን ነገር እኔ ልንገርሽ። ቁም ሣጥኑን አውጥቼ በአዲስ ልተካ ብለሽ እንዳታስቢ። የእነዚህ ካምፐሮች ቁም ሣጥን ቀጭን ኮምፔንሳቶ የሆነው ሠሪዎቹ ቆጥበው አይደለም፤ ክብደት ለመቀነስ ነው። የዛሬውን ከባድ ቺፑድ ብታስገቢበት የአክሰሉንና የጎማውን አቅም ትሻሚያለሽ፣ እንጦጦን ስትወጡም መኪናችሁ ይነግራችኋል። ጣሪያው ላይ ደግሞ ምንም ነገር አትስቀሉበት። እሱን የሚያነሱት ቀጫጭን የብረት ካቦዎች ናቸው፤ የሚያነሱት ክብደት ልክ አለው። መብራትም ሆነ መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ይሁን።

የተላለጠውን ጠርዝ በኮላ ለጥፈሽ በሞርሳ ያዢው፣ ሌሊቱን ይደር። ቀዳዳውን በስቱኮ ሙዪ። ከዚያ መጀመሪያ በ120 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ለስልሺው። ገጹ እንደ ፎርሚካ የሚያንሸራትት ከሆነ ቀለሙ በቀጥታ አይዝለትም፤ አስቀድሞ የሚይዝ ፕራይመር ይቀባ። ለቀለሙ በውኃ የሚበጠበጠውን ምረጪ። የዘይት ቀለም ይጠነክራል፤ ግን ልጆች ከሚተኙበት ጠባብ ቤት ሽታው ቶሎ አይወጣም። ስትቀቢም ጣሪያው ተነስቶ፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ይሁን፣ ሲደርቅም እንዲሁ ይቆይ። ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ጠባቡን ቤት ያሰፋዋል።

ወለሉ ላይ ሴራሚክ የሚለጥፉ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉ። ጥሩ የፕላስቲክ ምንጣፍ በልኩ ቆርጦ ማንጠፍ ይበቃል፤ ቀላል ነው፣ ተነስቶም ይታጠባል።

መምህርት ከሱሉልታ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁም ሣጥኑን እንዳሉኝ አደርገዋለሁ። መርፌና ክር፣ እጅሽ ይባረክ፤ የአልጋውን መለያ ከሸማ፣ የመስኮቶቹን ከቀጭን ፖሊስተር ልሰፋ ወስኛለሁ። ሸማ ወዳድ፣ ስለ ሸማኔው በግል እጽፍልሻለሁ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ብርዱ ነው። ከላንጋኖ በፊት ልጆቹ እንዲለምዱት ግቢያችን ውስጥ አንድ ሌሊት ልናድርበት አስበናል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ጠንካራ ነው። ከመተኛታችን በፊት የከሰል ምድጃ ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅ አስገብተን ብናሞቀው፣ ከዚያም ሙቀቱ እንዳይወጣ መጋረጃውን ጥብቅ አድርገን ብንዘጋው ምን ይመስላችኋል?

ነርስ ከገላን

እኅቴ፣ በምንም ምክንያት እንዳታደርጉት። ይህን የምጽፈው ከልቤ ተጨንቄ ነው፣ የሚያነብ ሁሉ ይህን መልእክት ለሌላ ሰው ይንገርልኝ።

ጭሱ ያለቀ ከሰል የተጣራ ይመስላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያወጣው ግን ያኔም ነው። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ አየር ያጣል። ነቅቶ ያለ ሰው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይሰማውና ይወጣ ይሆናል። የተኛ ሰው ግን ላይነቃ ይችላል። ሰፊ ክፍል ውስጥ በዚህ ምክንያት ሙሉ ቤተሰብ የሚጠፋባት አገር ናት አገራችን፤ የካምፐር ውስጥ ደግሞ ከአንድ መኝታ ክፍል ያነሰ ነው። ሕፃናት ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ።

ከሰሉን ከመተኛታችሁ በፊት ብታወጡትም አልስማማም፤ ዘንግቶ መተኛት አለ። የካምፐሩ የጋዝ ምድጃም ለማብሰያ እንጂ ለማሞቂያ አይደለም፣ በሚበስልበትም ጊዜ መስኮት ይከፈት። መጋረጃ ስትሰፊ ከምድጃው በላይ ያለውን መስኮት ያለ መጋረጃ ተዪው፣ ወይም ማታ ብቻ በእጅ የሚለጠፍ ቁራጭ አድርጊለት። ፖሊስተር እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ለብርዱ ልብስ አለላችሁ፤ ካልሲና ኮፍያ፣ ጋቢ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ። ሙቅ ውኃ በጎማ ከረጢት አድርጎ እግር ሥር ማስቀመጥም ሌሊቱን ያሻግራል።

መምህርት ከሱሉልታ

ከሰሉ ቀርቷል። ለባለቤቴም አነበብኩለት። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እኅቴ።

የለገጣፎው መንገደኛ

ነርሷ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ በእንዲህ ዓይነት ካምፐር ስምጥ ሸለቆውን ደጋግሜ ስለወረድኩ ስለ አየሩ ትንሽ ልጨምር።

መጋረጃውን አጥብቆ መዝጋት ብርድ ይከላከላል ብላችሁ አታስቡ። አንድ ሰው ሌሊቱን በእስትንፋሱ የሚያወጣው እርጥበት ከሻይ ብርጭቆ አያንስም። አራት ሰው ሲሆን አስቡት። መውጫ ካላገኘ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል፤ ፍራሹን ከሥሩ ያበሰብሳል። ሁለት ተቃራኒ መስኮቶች በላይ በኩል የእጅ መዳፍ ያህል ክፍት ይሁኑ። መጋረጃው ከሸራው ሁለት ሦስት ጣት ርቆ ቢንጠለጠል በመካከል ያለው አየር ነው ብርዱን የሚከለክለው፤ ከሸራው የተለጠፈ መጋረጃ ግን ራሱ ይረጥባል።

ላንጋኖ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከሱሉልታ 1,000 ሜትር ያህል ስለምትወርዱ ሌሊቱ ከእናንተ ሰፈር በ6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። እዚያ የሚያሳስበው ብርዱ አይደለም፤ ትንኝ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከወባ ነፃ ስለሆንን እንረሳዋለን እንጂ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው የአገራችን ክፍል ወባ ያሰጋዋል። ስለዚህ መምህርት፣ መርፌ ባነሳሽ ጊዜ ከመጋረጃው በፊት የመስኮቱን መረብ መርምሪ። ማታ ጣሪያውን አንሺ፣ ውስጡ አምፖል አብሪና ከውጭ ዙሪያውን ተመልከቺ፤ ቀዳዳው ሁሉ በብርሃኑ ይጋለጣል። የዚፑ ጫፍና አልጋው ከሣጥኑ የሚገናኝበት ጥግ ዋናዎቹ መግቢያዎች ናቸው። ለልጆቹ አጎበር ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይበልጥ ልብ ይረጋል።

ሸራውን በሳሙና እንዳታጥቡት። ሳሙና ውኃ የማያስገባውን ቅባት ያጥበዋል። ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ውኃ ይበቃል። በጥር ፀሐይ በደንብ ከደረቀ በኋላ ውኃ የሚከላከል የሸራ ቅባት ቀቡት፤ ክረምት ሳይመጣ ይህ ሥራ ይለቅ። ሸራው የጥጥ ከሆነ አዲስ የተሰፋበት ቦታ መጀመሪያ ውኃ ቢያስገባ አትደንግጡ፤ ክሩ ረጥቦ ሲያብጥ የመርፌው ቀዳዳ ይደፈናል።

መርፌና ክር (ቡራዩ)

ስለ መረቡ የተናገረው ትክክል ነው፤ እኔ ማስቀደም የነበረብኝ እሱን ነበር። መረብ ሲለጠፍ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 2 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ቁራጭ ከውስጥ አድርገሽ በእጅ ስፊው። ሙጫ ብቻውን በሙቀት ይለቃል።

አሁን ስለ መስኮቶቹ መጋረጃ አሰቃቀል። የተሰበሩትን የፕላስቲክ ማንጠልጠያዎች ለእያንዳንዱ መስኮት ፍለጋ ከመንከራተት ላስቲክ ይሻልሻል። ከላይም ከታችም ጠርዙን አንዴ በ1 ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ በ3 ሴንቲ ሜትር እጠፊና በካውያ ተጫኚው። ካውያውን ለብ ብቻ አድርጊው፣ ፖሊስተር ነው። ከዚያ ከእጥፋቱ አፍ ሁለት ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ ዳር እስከ ዳር ስፊው፤ ጫፍና ጫፉን በመመላለስ አጠንክሪው፣ የሚበተነው ከዚያ ነው። በተከፈተው ጎን መርፌ ቁልፍ ያሰርሽበትን ክብ ላስቲክ አስገቢና በሌላው ጎን አውጪ። የላስቲኩን ጫፎች ቋጥረሽ የካምፐሩ ክፈፍ ላይ በተተከሉ ትንንሽ መንጠቆዎች ላይ ትወጥሪዋለሽ። ጣሪያው ሲወርድ የታችኛውን ብቻ ትፈቺያለሽ፤ የላይኛው ከሸራው ጋር ይወርዳል። ለማጠብም በቅጽበት ይወርዳል።

ለሲንጀርሽ ለመጋረጃው 90 ቁጥር፣ ለመቀመጫው ልባስና ለሸራ ጥገና 100 ቁጥር መርፌ ግዢ። ቀጭን ፖሊስተር እግሩ ሥር እየተንሸራተተ ካስቸገረሽ ስስ ወረቀት ከሥሩ አድርገሽ አብረሽ ስፊና ወረቀቱን ቀድደሽ አውጪው። ምልክት ስታደርጊ በደረቀ የሳሙና ቁራጭ ይሁን፤ እስክሪብቶ ቢታጠብም አይጠፋም።

ቀለም ካልመረጥሽ፣ ወደ ውጭ የሚያየው ፊት ነጣ ያለ ይሁን። ፀሐይን ይመልሳል፤ የላንጋኖ ቀትር ላይ ታመሰግኚኛለሽ።

መምህርት ከሱሉልታ

ማታ አምፖሉን አብርተን ዞርን። የኋላው አልጋ ጥግ ላይ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተገኝቷል፣ ዚፑም አንድ ቦታ ጥርሱን ስቷል። መረቡ ቅድሚያ ያገኛል።

ለመስኮቶቹ ወደ ውጭ ክሬም፣ ወደ ውስጥ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ መስመር ያለው ጨርቅ መርካቶ አግኝቻለሁ፤ ስፋቱ 280 ስለሆነ ብዙም መገጣጠም አያስፈልገኝም። ሸማው አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ይኖረዋል። የቀረኝ የመቀመጫው ስፖንጅ ነው። ልባሱን ብቻ ልቀይር ወይስ ስፖንጁንም?

አናጢው (ሰበታ)

እጅሽን ስፖንጁ ላይ አሳርፈሽ በሰውነትሽ ተጫኚው። ኮምፔንሳቶው ከተሰማሽ ስፖንጁ ሞቷል፣ ልባስ አያስነሳውም። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን፣ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ የሚመዝነውን ጠንካራ ዓይነት ጠይቂ። ለስላሳውን ሻጩ ቢያሞካሽልሽም ተዪው፤ ልጆች ሲዘሉበት በዓመቱ ይተኛል። ከዚያ የበለጠ ውፍረትም አትግዢ። መቀመጫው ሌሊት አልጋ ሆኖ ሲዘረጋ ከጎኑ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ጣሪያውም ሲወርድ ቦታ ይፈልጋል።

መርፌና ክር (ቡራዩ)

ልባሱን ከሶፋ ጨርቅ ስፊው፣ ከስፖንጁም በየአቅጣጫው 1 ሴንቲ ሜትር አሳንሺው፤ ያኔ ተወጥሮ ይቀመጣል። ዚፑን በኋላ በኩል በረጅሙ ጎን፣ ጥጎቹን አልፎ እንዲታጠፍ አድርገሽ አስገቢው። ጠባብ ዚፕ ካደረግሽ ስፖንጁን ስታስገቢ ስፌቱን ትቀጂዋለሽ።

የለገጣፎው መንገደኛ

ጣሪያውን ስታወርዱ ሥራው ለሁለት ሰው ይሁን። አንዱ ማኖቤላውን ቀስ እያለ ሲያዞር ሌላው ዙሪያውን እየሄደ ሸራውንና መጋረጃውን ወደ ውስጥ ይሰብስብ። ልጆች በዚያን ጊዜ ውስጥም ሆነ ሥሩ እንዳይኖሩ። ሸራው ረጥቦ ከዘጋችሁት ቤት እንደደረሳችሁ፣ ቢቀር በማግሥቱ፣ ከፍታችሁ አድርቁት።

መምህርት ከሱሉልታ

ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ቅዳሜ መረቡን እጀምራለሁ። መርፌና ክር፣ አንድ ያልገባኝ ነገር ቢኖር፦ የአልጋው መለያ ሸማ በላስቲክ ቢወጠር ክብደቱ አያጎብጠውም ወይ?

መርፌና ክር (ቡራዩ)

ያጎብጠዋል፣ በደንብ ጠየቅሽ። ለእሱ ያንኑ አሮጌ ሐዲድ ተጠቀሚ፤ አዲስ ማንጠልጠያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የሐዲዱን የውስጥ ስፋትና የአፉን ስፋት በሚሊ ሜትር ለክተሽ ጻፊልኝ፣ አንድ ያልተሰበረ ማንጠልጠያ ካገኘሽም ፎቶውን ከማስመሪያ አጠገብ አድርገሽ ላኪ። ሐሙስ መርካቶ እወርዳለሁ፤ የሚገጥመውን ፈልጌ እነግርሻለሁ።